ከአልጋ ሥር የወጣ ላፕቶፕ፦ የመጀመሪያ የቤት ሰርቨር በትንሽ ወጪ

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረደረ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ጥቁር ሣጥን ነው። ቃሉ ግን የዕቃ ስም ሳይሆን የሥራ ስም ነው፤ አገልጋይ ማለት ነው። ሌት ተቀን ሳይተኛ የሚቆይ፣ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ «ያንን ፋይል ስጠኝ» ሲለው አቤት ብሎ የሚሰጥ ማንኛውም ማሽን ሰርቨር ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ላፕቶፕም ይህን ሥራ ይችለዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ «የቤት ሰርቨር ለመጀመር ስንት ብር ይበቃል?» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ላፕቶፕ እንዳለ ነው።

ካለ ግማሹ መንገድ አልቋል። ከሌለ እንዴት እንደሚገዛ በኋላ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ገንዘቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት ልናገር። ከዓመታት በፊት አባቴ ስለ ልጅነቱና ስለ ተወለደበት ቀዬ ሲያወራ ድምፁን ቀድቼ ነበር፤ ከአራት ሰዓት በላይ ይሆናል። ያስቀመጥኩት አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ከነጭራሹ ማየት ተሳነው። አባቴ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ ድምፁን ዳግመኛ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህ ሰርቨር ላቋቁም ለሚለኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው፦ በማሽኑ ላይ ቆጥቡ፣ በዲስኩ ላይ አትቆጥቡ፤ ዲስኩም ሁለት ይሁን።

እንግዲህ እንጀምር። ከሁሉ በፊት ለሰርቨሩ ሥራ ምረጡለት፤ መጀመሪያ አንድ ሥራ ብቻ። ለአብዛኛው ቤተሰብ እኔ የምመርጠው የስልክ ፎቶዎችን መሰብሰብ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የስልክ ፎቶ በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 10,000 ፎቶ 40 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ቴራባይት ዲስክ 250,000 ያህል ፎቶ ይችላል ማለት ነው። ቪዲዮ ቦታውን ቶሎ ይበላዋል፤ ያም ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ቴራባይት በላይ መግዛት ለብዙ ቤት አያስፈልግም። ሥራው ከታወቀ ዕቃው ራሱ ይታወቃል። ሥራውን ሳያውቅ ዕቃ የገዛ ሰው ግን የማያስፈልገውን ጉልበት በውድ ይገዛል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ የምመክርበት የመጀመሪያው ምክንያት መብራት ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪው አብሮት የተወለደ ኮምፒውተር ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ዩፒኤስ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቆጣሪው ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሥራ የሚጠብቅ ላፕቶፕ 10 ዋት ገደማ ይበላል፤ በቀን 240 ዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 60 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ በዚያው ወር 43.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ዴስክቶፑን በነፃ ብታገኙት እንኳ ልዩነቱን በየወሩ ለመብራት ትከፍላላችሁ።

ከገበያ የምትገዙ ከሆነ፣ መገናኛም ሆነ መርካቶ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባሉትን የቢሮ ላፕቶፖች ፈልጉ፤ ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክ የመሳሰሉትን። እነዚህ ለድርጅቶች ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው፤ ራምና ዲስካቸውም አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይቀየራል። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ብሎ ብቻ ሲነግራችሁ አትርኩ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6300 ከሆነ የመጀመሪያው 6 ትውልዱን ይነግራችኋል፤ ስድስተኛ ትውልድ ነው። 8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው። ከአሥረኛው ወዲህ ያሉት በሁለት አሃዝ ይጀምራሉ። ለፎቶና ለፋይል የትኛውም ይበቃል። ፊልም ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ስልክ ለማስተላለፍ ካሰባችሁ ግን ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ያዙ፤ ኤች 265 በሚባለው መንገድ የታመቁ አዳዲስ ቪዲዮዎችን፣ ባለ 10 ቢቶቹን ጭምር፣ ቺፑ ራሱ ሳይጨነቅ ይፈታቸዋል። ራም 4 ጊጋባይት ያስጀምራል፣ 8 ከሆነ ሰፊ ነው። ስክሪኑ ስለተሰነጠቀ ዋጋው የወረደ ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ ለሰርቨር እሱን የሚያህል የለም።

ዲስኩን ግን በቃል አትመኑ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ክፈቱት። የዲስኩ ጤና ደህና መሆኑን ከነገራችሁ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሠራም ይጽፋል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 26,000 የሚል ካያችሁ ያ ዲስክ ሦስት ዓመት ገደማ ሳያርፍ ዞሯል ማለት ነው። የተበላሹ ክፍሎቹን በመጠባበቂያ መተካት እንደጀመረ የሚናገረው መስመር ከዜሮ ከበለጠ ዲስኩን ተዉት። አዲስ ነው የሚባል፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ዋጋው ከሚገባው በታች የሆነ 2 ቴራባይት ፍላሽ ወይም ዲስክ ሲያጋጥማችሁም ጠርጥሩ። ውስጡ ትንሽ ቺፕ ያለው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተደረገ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፤ በኋላ ስትከፍቱት ባዶ ነው። ኤችቱ ቴስት የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነቱን ያወጣል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ቢሆንም ውድ ፋይል ከመጫናችሁ በፊት ይሠራ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ፣ ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር አለው፤ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ትንሹ፣ ባለ 2.5 ኢንቹ፣ በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ከላፕቶፑ 5 ቮልት ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ላፕቶፑ በባትሪው ነቅቶ ይቀጥላል። ትልቁ ዲስክ ግን በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ሰርቨሩ ፎቶ እየጻፈበት ከነበረ ጽሕፈቱ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ትንሹ ዲስክ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ትልቁ ለአንድ ጊጋባይት ረከስ ቢልም ለእኛ ቤት ትንሹን ግዙ።

ከፍታም የራሱ ነገር አለው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሳሕኑ ጋር አይነካካም፤ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር፣ ማለትም እስከ 10,000 ጫማ ድረስ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ስለሆነ ችግር የለም፤ እንጦጦ አናት ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ደጋ የምትኖሩ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለውን ኤስኤስዲ ምረጡ። ሳስ ያለ አየር ሙቀትንም እንደ ቆላው አየር አይወስድም። በመሆኑም ላፕቶፑን አቧራውን ጠርጋችሁ፣ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ላይ ሳይሆን ጠንካራ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ስለ ባትሪው አንድ ቃል፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የላፕቶፑን ሆድ በእጃችሁ ዳስሱ። ካበጠ፣ ወይም ኪቦርዱ መሐሉ ላይ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ባትሪው ጋዝ ይዟል፤ በዚያው ቀን ይውጣ። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ መልሳችሁም ቻርጅ አታድርጉት። ጤነኛ ባትሪ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ 100 በመቶ ተሞልቶ መቀመጥ ያስረጀዋል። ቲንክፓድና ሌሎችም 80 በመቶ ሲደርስ ቻርጅ ማድረጉን እንዲያቆም ይታዘዛሉ፤ ቲኤልፒ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

ቀጥሎ ሲስተሙን መጫን ነው። እኔ የምመርጠው ዴቢያንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተጀመረ፣ በፈቃደኞች የሚሠራ፣ ለመጠቀም ምንም የማያስከፍል የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ብዙ ዓመት ሳያስቸግር ይቆያል። የመጫኛ ፋይሉን አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉትና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሡ። መጫኑ የላፕቶፑን ዲስክ ያጠፋዋል፤ የሚፈለግ ነገር ካለበት አስቀድማችሁ አውጡ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። መጨረሻ አካባቢ ምን ምን ይጫን ብሎ ሲዘረዝር የዴስክቶፑን ምልክት አንሡ፣ ኤስኤስኤች ሰርቨር የሚለውን ምልክት አድርጉ። ያለ ዴስክቶፕ ሲስተሙ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት በላይ ራም አይጠይቅም።

ኤስኤስኤች ማለት ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ ሰርቨሩን በጽሑፍ የምታዝዙበት የተቆለፈ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃል ሲሰረቅ አይቶ ነው የሠራው። ከዚህ በኋላ የላፕቶፑን ስክሪንና ኪቦርድ አትፈልጓቸውም። በመጀመሪያው ቀን በዚያ መስመር ገብታችሁ ሦስት ነገር አስተካክሉ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎጊንድ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ የክዳኑን መስመር «ኢግኖር» በሉት። ባትሪው ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ በዩፓወር እዘዙት። ሰርቨሩ ሲነሣ ውጫዊው ዲስክ ራሱ እንዲገናኝ ስታደርጉ ደግሞ «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ጨምሩበት፤ አለዚያ ዲስኩ አንድ ቀን ተነቅሎ ከተገኘ ሰርቨሩ እሱን እየጠበቀ መነሣት ሊሳነው ይችላል። ላቲትዩድ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ከመተዋችሁ በፊት ባዮስ በሚባለው የማስነሻ ቅንብር ውስጥ «ዌክ ኦን ኤሲ» የሚለውን ብትከፍቱ መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ ራሱ ይነሣል።

አሁን ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማስረዳው ነጥብ ላይ ደረስን። ኢንተርኔትና የቤት መረብ አንድ አይደሉም። የግቢውን በርና የጓዳውን በር አስቡ። የግቢው በር ሲቆለፍ ወደ ገበያ መውጣት አይቻልም፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ ግን ማን ይከለክላችኋል? ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም፣ ፓኬጁ ቢያልቅም፣ ስልካችሁ በዋይፋይ ከሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል። ለዚህም ሲባል ከዲስኩ ቀጥሎ የምትገዙት ዕቃ ለራውተሩ የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ይሁን፤ ራውተራችሁ ሌላ ቮልት የሚል ከሆነ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ግዙ። ላፕቶፑ በባትሪ ነቅቶ ራውተሩ ከጠፋ ሰርቨሩ የሚያናግረው የለም።

ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙ። ከዚያ ወደ ራውተሩ ገጽ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ግቡና ለሰርቨሩ የማይለወጥ ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። ቁጥሩ በየጊዜው ከተቀያየረ ስልኮቹ ሰርቨሩን ያጡታል።

አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። ሳምባ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፎልደር በቤት ውስጥ ላለው ዊንዶውስ ሁሉ እንደ ራሱ ዲስክ ያሳየዋል። ሲንክቲንግ ደግሞ ስልኩ ዋይፋይ ውስጥ በገባ ቁጥር አዲሶቹን ፎቶዎች ወደ ሰርቨሩ ያሻግራል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ማመሳሰል ማለት ስልኩ ላይ የተሰረዘው ሰርቨሩም ላይ ይሰረዝ ማለት ነው። ልጅ በጨዋታ አንድ አልበም ቢያጠፋ ሰርቨሩም በታዛዥነት ያጠፋዋል። ስለዚህ በሰርቨሩ በኩል የተሰረዙትን ፋይሎች የሚያቆየውን ምርጫ ገና ከመጀመሪያው ቀን አብሩት።

ሦስተኛው አገልግሎት ኪዊክስ ነው፤ እኔ በግሌ በጣም የምወደው። ዊኪፔዲያን ሙሉውን በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነፃ ፕሮግራም ነው። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፈጣን መስመር ያለው ወዳጅ ጋ ሄዶ በዲስክ ማምጣት ይሻላል። የአማርኛው ትንሽ ነው፤ በስልክም ይወርዳል። ከተጫነ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ስልክ የሰርቨሩን ቁጥር ብሮውዘር ላይ ሲጽፍ መጽሐፉ ይከፈታል። አንድ ምሽት ኢንተርኔት በሌለበት የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ ስለ ደም ዝውውር ስትፈልግ አየኋት። ስልኩ ላይ የልቡን ሥዕል በሁለት ጣቷ አስፍታ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትገለብጥ ነበር። «ጋሼ፣ ዳታ አልቋል እኮ፣ እንዴት ነው የሚከፍተው?» አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አሳየኋት። ፊልም ለሚፈልግ ቤት ጄሊፊን አለ፤ እሱም ነፃ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም።

የቀረው የሁለተኛው ዲስክ ነገር ነው፤ በምንም ምክንያት አይዘለል። አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ዲስክ ወደ ሁለተኛው የተለወጠውን ብቻ እየለየ ይገለብጣል። ሳምባን የጀመረው አንድሪው ትሪጅል ከፖል ማከራስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ነው። ሁለተኛውን ዲስክ ግን ሁልጊዜ ተሰክቶ አትተዉት። መብራት ሲመጣ የሚወረወረው ኃይል ወይም መብረቅ አንድ ላይ የተሰኩትን አንድ ላይ ይገድላቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን፣ ሰክታችሁ ገልብጡና ነቅላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ሌባ ወይም እሳት ግን ሁለቱንም ዲስኮች ከአንድ ቤት ይወስዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ በሲንክቲንግ ወደ እነሱ ኮምፒውተር መላክ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ 100 ጊጋባይት ለመላክ 800,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ቅጂ ለሚሄድ ዘመድ በዲስክ ስጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረውን ብቻ በመስመር ላኩ።

ከውጭ ሆናችሁ ወደ ሰርቨራችሁ መግባት ስትፈልጉ ራውተሩ ላይ በር አትክፈቱ። የተከፈተ በር ባገኙ ቁጥር የይለፍ ቃል የሚገምቱ ማሽኖች ቀንና ሌሊት ይዞራሉ። ዋየርጋርድ፣ ወይም በእሱ ላይ የተሠራውና ለጀማሪ የሚቀለው ቴይልስኬል፣ ስልካችሁንና ሰርቨሩን ብቻ የሚያገናኝ የተመሰጠረ መንገድ ያበጃል። የደኅንነት ማሻሻያዎችንም ሲስተሙ ራሱ እየጫነ እንዲሄድ አድርጉት።

አሁን ሁሉ ነገር ተሰክቷል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግልበጣው ሲያልቅ ሁለተኛውን ዲስክ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩና ከውስጡ አንድ ፎቶ፣ አንድ የድምፅ ቅጂ ክፈቱ። ፎቶው ከታየ፣ ድምፁም ከተሰማ፣ ሰርቨራችሁ ሥራውን ጀምሯል።